ትኩሳት ሁሉ ከአገር ቤት አይመጣም

ባለፈው ጸደይ አጎቴ ታመሙ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ «ጋሼ» እያልኩ ስላደግኩ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። የሚኖሩት ሚልፒታስ ነው፣ በምሥራቅ በኩል ካለው ኮረብታ ሥር። ሦስት ቀን ብርድ ብርድ እያላቸው፣ ራሳቸውን እየፈለጣቸው «ጉንፋን ነው፣ ይለቃል» ሲሉ ከረሙ። በአራተኛው ቀን በቀኝ ብብታቸው ሥር ንፍፊት አብጦ እጃቸውን ማንሳት ሲያቅታቸው፣ እናቴና እኔ ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድናቸው።

የተቀበለችን ነርስ መልካም ሰው ነበረች። የደም ግፊታቸውንና ሙቀታቸውን ለካች፤ አነጋገራቸውን ሰምታ ከየት አገር እንደሆኑ ጠየቀች። «ኢትዮጵያ» ሲሉ «በቅርቡ ሄደው ነበር?» አለች። ጋሼ ኢትዮጵያን ካዩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። «አልሄድኩም» አሉ። ከእሷ በኋላ የመጣው ሐኪም ይህንኑ ጠየቀ። ከሐኪሙ በኋላ የመጣችው ሌላ ነርስም ይህንኑ ጠየቀች። «ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ቤትዎ አለ?» ተባሉ። የወባ ምርመራ ታዘዘ፤ የሳንባ ነቀርሳም ጉዳይ ተነሳ። ለሦስት ሰዓት ያህል ስለ ኢትዮጵያ ተወራ። ስለ ሚልፒታስ ግን አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ገና ነርስ አይደለሁም፤ ሐኪምማ ጭራሽ። ግን መጋረጃው ተዘግቶ ስንጠብቅ፣ እውነቱን ለመናገር ሰዓቱን ለመግፋት ያህል፣ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ምን ሲሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

«ምን እሠራለሁ ልጄ፤ ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ውሻው አንድ ቀን የሞተ ጥንቸል ጎትቶ አመጣብኝና ጓሮ ቀበርኩት» አሉ።

«በእጅዎ?»

«ታዲያ በምን ልቅበረው?»

ቀኝ እጃቸውን አየሁት። አውራ ጣታቸው ላይ ያልዳነች ትንሽ ቁስል አለች። ለሐኪሙ ለምን እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው፣ «ይሄም ለሐኪም የሚነገር ወሬ ነው?» ብለው ሊሥቁ ሞከሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በማይክሮባዮሎጂ ትምህርት ቱላሬሚያ ስለሚባል በሽታ ተምረን ነበር። ሐኪሙን ፈልጌ ያሉትን ነገርኩት። ያን ጊዜ ገና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ውሻው፣ ስለ ጥንቸሉ፣ ስለ ጓሮው፣ መዥገር ነክሷቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ወደ ላቦራቶሪው ደወለ፤ መድኃኒቱንም ቀየረ።

መጨረሻውን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ቱላሬሚያ አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ በዚያች ቁስል የገባ የተለመደ የቆዳ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ጋሼም ዳኑ። ታዲያ ምን ያስጽፍሻል ትሉኝ ይሆናል። የሚያስጽፈኝ ያ ሦስት ሰዓት ነው። ቱላሬሚያም ቢሆን ኖሮ፣ የተለመደው የቆዳ ባክቴሪያም ቢሆን፣ መልሱ የነበረው አውራ ጣታቸው ላይ ነበር፤ ሁላችንም ግን አዲስ አበባ ላይ ስንፈልገው ቆየን።

አቋሜ አጭር ነው። ስደተኛ በሽተኛን የሚያክም ሰው «ከየት አገር መጡ?» ከሚለው ጎን «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ዋሉ? በእጅዎ ምን ነኩ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኛም ደግሞ ባንጠየቅም መናገር አለብን።

የጥንቸል ትኩሳት

ቱላሬሚያ ፍራንሲሴላ ቱላሬንሲስ በምትባል ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። እዚህ አገር በተለምዶ «የጥንቸል ትኩሳት» ይሉታል። ባክቴሪያዋ በዱር ጥንቸሎች፣ በሽኮኮዎችና በአይጥ ዘመዶች ትገኛለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ከሚያሻግሯት ዋነኞቹ ደግሞ መዥገሮች ናቸው። የታመመ ጥንቸል ይደክማል፣ መሸሽ ያቅተዋል፣ ብዙውን ጊዜም ይሞታል። ስለዚህ ውሻ ያለ ድካም የያዘው ወይም ሜዳ ላይ እንዲሁ ወድቆ የተገኘ ጥንቸል በባዶ እጅ የሚነካ ነገር አይደለም።

እኛ ሰፈር ያደጋችሁ እነዚህን ጥንቸሎች ታውቋቸዋላችሁ። ኤድ ሌቪን ፓርክ በማለዳ ወይም ወደ ማታ የሄደ ሰው ያያቸዋል፤ ጆሯቸው ረጅም፣ የጆሯቸው ጫፍና የጅራታቸው ላይ ጥቁር ነው። እዚህ ጃክራቢት ይባላሉ። ቤት ከምናረባቸው ጥንቸሎች የተለዩ ናቸው፦ ጉድጓድ ቆፍረው አይኖሩም፣ ልጆቻቸውም ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የሚወለዱት። በአማርኛ ለሁለቱም «ጥንቸል» ብለን እናልፋለን። ቱላሬሚያም ሁለቱንም ይይዛል።

ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። መዥገር ሲነክስ ይገባል። የአጋዘን ዝንብ የሚባለው ነካሽ ዝንብም ያስተላልፈዋል። የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ በባዶ እጅ ሲነካ በትንሽ ቁስል ይገባል፤ በደንብ ባልበሰለ የዱር ሥጋና በተበከለ ውሃም እንዲሁ። በአየርም ይገባል፦ እ.ኤ.አ. በ2000 ማሳቹሴትስ ውስጥ ማርታስ ቪንያርድ በምትባለው ደሴት ሰዎች በሳንባ ቱላሬሚያ ታመው ምክንያቱ ሲጠና፣ ሣር ማጨድና ቁጥቋጦ መመንጠር ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኘ። ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 50 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ሊበቁ ይችላሉ። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም፤ ይህን አስምሩበት፣ የታመመን ሰው የሚያስሸሽ በሽታ አይደለም።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ አንዳንዴ እስከ 3 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ድካም ይመጣል። በብዛት የሚታየው ዓይነት ባክቴሪያዋ በገባችበት ቦታ ላይ ቁስል አውጥቶ በአቅራቢያው ያለውን ንፍፊት ያሳብጣል፦ በእጅ ከገባች ብብት፣ በእግር ከገባች ብሽሽት። ለዚህ ነው የጋሼ ጣትና ብብት ያስደነገጠኝ።

ብርቅ በሽታ ነው፤ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። በመላው አሜሪካ ከ2011 እስከ 2022 ባሉት 12 ዓመታት የተመዘገበው 2,462 ሰው ነው፤ ግማሽ ያህሉም በአርካንሳስ፣ በካንሳስ፣ በሚዙሪና በኦክላሆማ የተያዘ ነው። በትክክለኛው መድኃኒት ከታከመ አብዛኛው ሰው ይድናል። ነገሩ ያለው «በትክክለኛው» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጀንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሠራሉ። ብዙዎቻችን ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለው አሞክሲሲሊን ግን ለዚህ በሽታ አይሠራም። ሌላም አለ፦ ባክቴሪያዋ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን በቀላሉ ስለምትይዝ፣ ሐኪሙ ከጠረጠረ ናሙናውን ለሚቀበሉት ቀድሞ መንገር አለበት። አንድ ሰው «ጥንቸል ቀበርኩ» ሳይል ሲቀር አደጋው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ቱቦውን የምትከፍተዋ ሠራተኛም አብራ አደጋ ላይ ትወድቃለች።

አንዲት የማውቃት እናት ይህን ስነግራቸው «እኛ ጥንቸል አንበላ፣ ምን ያገኘናል?» አሉኝ። እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን ቤት ጥንቸል አይበላም፤ ጾም ሳይሆን ደንብ ነው። ግን ከላይ እንደዘረዘርኩት መብላት ከብዙ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። ጋሼም አልበሉትም። ቀበሩት እንጂ።

ስሙ ራሱ የካሊፎርኒያ ነው

የበሽታውን ታሪክ ሳነብ በጣም የገረመኝ ስሙ ነው። ቱላሬሚያ የተባለው ከቱሌሪ ካውንቲ ነው፤ ከእኛ ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ርቆ፣ በካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ ያለው ቱሌሪ። የቦታው ስም ደግሞ የመጣው ቱሌ ከሚባል፣ የእኛን ቄጠማ ከሚመስል የውሃ ዳር ተክል ነው። እንግዲህ ይህ በሽታ ስም ያገኘው እዚሁ ነው። እንዴት እንደተገኘ ደግሞ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1900 መጋቢት ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ በቸነፈር የሞተ ሰው ተገኘ። ከተማው ሰፈሩን በገመድ አጠረ። ቻይናውያን ከገመዱ ውስጥ ተዘጉ፤ እዚያው የነበሩት የነጮች ሱቆች ግን ከገመዱ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። ቻይናውያንና ጃፓናውያን ካልተከተቡ ከከተማው እንዳይወጡ ተከለከሉ። የፌዴራል ዳኛው ዊልያም ሞሮው በዚያው ዓመት ሁለቱንም እርምጃ አድሏዊ ነው ብሎ ሻረ። አገረ ገዥው ሄንሪ ጌጅ በበኩሉ «ቸነፈር የለም» ብሎ ካደ። አንዱ ወገን በሽታው የቻይናውያን ነው ሲል፣ ሌላው በሽታ የለም ሲል፣ አይጦችና ቁንጫዎቻቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በ1907 ቸነፈሩ ሲመለስ አብዛኞቹ ታማሚዎች ነጮች ሆኑ። በ1908 ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በኮንትራ ኮስታ ኮረብታዎች፣ በመሬት ሽኮኮዎች ላይ ተረጋገጠ።

እነዚያን ሽኮኮዎች ሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የፌዴራል ላቦራቶሪ ይመረምር የነበረው ሐኪም ጆርጅ ማኮይ፣ በ1911 ቸነፈር የሚመስል ግን ቸነፈር ያልሆነ በሽታ ማግኘቱን ጻፈ። በተከታዩ ዓመት ከቻርልስ ቼፒን ጋር ባክቴሪያዋን ለይተው በቱሌሪ ስም ሰየሟት። ከዓመታት በኋላ ኤድዋርድ ፍራንሲስ የተባለ ሐኪም ዩታ ውስጥ ገበሬዎችን የሚያሳምመው «የአጋዘን ዝንብ ትኩሳት» ከዚህችው ባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳየ፤ ለበሽታውም ቱላሬሚያ የሚል ስም ሰጠ። እሱ ራሱም ሲመራመር ታመመበት። ባክቴሪያዋ ዛሬ ፍራንሲሴላ የምትባለው በእሱ ስም ነው።

ቸነፈሩ በእርግጥ በመርከብ ከውጭ የመጣ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ከተማው ዓይኑን ሰዎቹ ላይ ብቻ ስለተከለ ከእግሩ ሥር ያለውን አይጥ ለማየት ዘገየ። መሬቱን ማየት የጀመሩት ሐኪሞች ደግሞ ከቸነፈሩም አልፈው ማንም ያላመጣውን፣ እዚሁ የነበረውን ሌላ በሽታ አገኙ። የጋሼን አልጋ አጠገብ ቆሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፣ በትንሹ፣ ያለ ገመድ፣ በመልካም ፈገግታ።

ጥያቄው ይቅር አልልም

ተሳስቼ እንዳልረዳ፦ «በቅርቡ ኢትዮጵያ ሄደው ነበር?» የሚለው ጥያቄ አስፈላጊ ነው። ክረምቱን ወባ ያለበት አካባቢ ከርሞ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው ያለ ወባ ምርመራ ወደ ቤቱ መላክ የለበትም። መዥገርም ቢሆን አገር ቤት የራሱ በሽታ አለው። የአፍሪካ መዥገር ትኩሳት የሚባለውን የምታመጣው ሪኬትሲያ አፍሪኬ፣ በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከብቶች ላይ ከተለቀመ መዥገር ተገኝታለች። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ አገራችን ማወቁ ያኮራኛል እንጂ አያስቀይመኝም።

የምቃወመው ጥያቄው እዚያ ላይ ሲያበቃ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እናቶቻችን የሚያውቁት ግርሻ የሚባል በሽታ አለ፤ ለቀቀ ሲባል ተመልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያስተላልፈው ቅማል ነው። ካሊፎርኒያም የራሱ ግርሻ አለው፤ ይህኛውን የሚያስተላልፈው በተራራ ላይ ያሉ የእንጨት ቤቶች ውስጥ የሚደበቅ መዥገር ነው፣ በተለይ በሌክ ታሆ አካባቢ። ሌሊት ሰው ሲተኛ ይነክስና ከደቂቃዎች በኋላ ይሄዳል፤ የተነከሰው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም። እንግዲህ አስቡት፦ ከማኅበራችን ልጆች አንዱ ታሆ ሄዶ በአሮጌ ቤት አድሮ ተመልሶ ትኩሳት ቢመላለስበት፣ ስሙን ያየ ሐኪም የት ይወስደዋል? ስሙ ኢትዮጵያዊ ነው፣ በሽታው በኢትዮጵያ የታወቀ ነው፣ ልጁ ግን የተወለደው ሳን ሆዜ ነው። «ቅዳሜና እሁድን የት አደርክ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነገሩን ያስተካክለዋል።

የሕክምናም የነርሲንግም ተማሪዎች የምታነቡ ከሆነ፣ ይህ ለእኛ ነው። ክፍል ውስጥ «የባህል ግንዛቤ» የሚባል ትምህርት እንወስዳለን፤ ቡናችንን፣ ጾማችንን፣ ለምን ሴት ሐኪም እንደምንፈልግ እንማራለን። ጥሩ ነው። ግን አንድን ሰው ማክበር ባህሉን ማወቅ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር እንደሚኖር ማመንም ማክበር ነው፦ ጓሮ እንዳለው፣ ውሻ እንዳለው፣ ኮረብታ እንደሚወጣ፣ ሣሩን እሱ ራሱ እንደሚያጭድ። ጋሼ ሚልፒታስ ውስጥ የኖሩበት ዘመን እኔ ከኖርኩበት ዕድሜ ይበልጣል።

በእኛም በኩል

ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ ብገፋው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። ያን ዕለት ጋሼ ሁለት ነገር ደብቀዋል፤ ሁለቱንም ሳያስቡት።

አንደኛው ጥንቸሉ ነው። ሁለተኛው አሞክሲሲሊኑ። ሆስፒታል ከመሄዳችን በፊት ሁለት ቀን እናቴ ከሻንጣ ያወጣችውን፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ያመጣውን አሞክሲሲሊን ሲውጡ ነበር። ነርሷ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትላቸው «የለም» አሉ። መኪና ውስጥ ስጠይቃቸው «እሷ የጠየቀችኝ የሐኪም መድኃኒት ነው፣ ይሄ የቤት ነው» አሉኝ። እናቴም ራሷን ነቀነቀች። ክፋት የለበትም፤ በእነሱ ቤት መድኃኒት ማለት ሐኪም የጻፈው ነው። ግን ግማሽ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል፣ ትክክለኛው መድኃኒት የሚጀመርበትንም ጊዜ ያዘገያል።

ሌላው ልማዳችን ለነርስ ማሳጠር ነው። ዋናውን ነገር ለሐኪሙ እናስቀምጣለን፤ ሐኪሙ ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱን ላለመሻማት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው» እንላለን። ስለ ውሻና ስለ ጥንቸል ማውራት ትልቅ ሰው የማይመጥን ይመስለናል። እዚህ አገር ግን ብዙውን ታሪክ የምትሰበስበው ነርስ ናት። ለእሷ ያልተነገረ ነገር ወረቀት ላይ አይወጣም፤ ወረቀት ላይ ያልወጣ ደግሞ ለሐኪሙ የለም።

ትርጉሙንም ልንሳ። ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ በልጅነታችሁ አስተርጓሚ ሆናችሁ አድጋችኋል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ለእናቴ ስተረጉም «ንፍፊት»ን እንዴት እንደምለው አላውቅም ነበርና «እብጠት» ብዬ አልፌዋለሁ። የትኛው እብጠት? የት? ማንም አልጠየቀም። በፌዴራል ሕግ መሠረት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎምም ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል። መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። ያን ዕለት እኔ ራሴ «እኔ አለሁ» ብዬ አስተርጓሚውን መለስኩት፤ አሁን ሳስበው ስህተት ነበር። አስተርጓሚ ቢኖር እኔ የቤተሰብ ልጅ ሆኜ እቀመጥ ነበር፣ ምናልባትም ያንን ጥያቄ ቶሎ እጠይቃቸው ነበር።

ምን እናድርግ?

ቀላል ናቸው፤ ለወላጆቻችሁም አንብቡላቸው።

የሞተ የዱር እንስሳ ጓሮ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። ጓንት አድርጋችሁ በአካፋ አንሱት፣ በድርብ ፌስታል አሥሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሣር ከማጨዳችሁ በፊት መሬቱን ቃኙት፤ የሞተ ነገር ላይ በማሽን እንዳታልፉ። ውሻችሁ ጥንቸል ካሳደደ አፉን በባዶ እጅ አትፈልቅቁ፤ ጸጉሩንም ለመዥገር ፈትሹ።

ሚሽን ፒክ ወይም ኤድ ሌቪን ስትወጡ በመንገዱ መሐል ሂዱ፤ መዥገር ሣርና ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ሆኖ ነው አላፊውን የሚጠብቀው። ቤት ስትገቡ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የራስ ጸጉር ሥር ፈትሹ። መዥገር ከተጣበቀ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ቦታውንም እጠቡት። ከብት ያረቡ አያቶቻችን ላምባ ይቀቡ ወይም በእሳት ይተኩሱ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች፤ በሰው ላይ ግን አታድርጉት። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

እግረ መንገዴን፣ በድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀዋን እንሽላሊት አትግደሉ። የበርክሊው ተመራማሪ ሮበርት ሌን በ1998 እንዳሳየው፣ በእነዚህ እንሽላሊቶች ደም ውስጥ የላይም በሽታን ባክቴሪያ የሚገድል ነገር አለ፤ ከእነሱ ደም የጠጣ ትንሽ መዥገር ከባክቴሪያው ይጸዳል። ብዙዎቻችን እንጠላታለን፣ እሷ ግን ትጠብቀናለች።

ከሁሉም በላይ ግን ትኩሳት ይዟችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እነዚህን አራት ነገሮች ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ ባለፉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት የት እንደነበራችሁ፣ ምን እንስሳ እንደነካችሁ፣ ምን እንደነከሳችሁ፣ ከሻንጣም ቢሆን ከጎረቤት ምን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ። ኢትዮጵያ ካልሄዳችሁ «አልሄድኩም» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ «አልሄድኩም፣ ግን እዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ» በሉ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። እነዚህን አራት ነገሮች በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየኢትዮጵያ ሱቁ ብናስቀምጥ ወጪው የፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። ነርሲንግ፣ ሕክምናና ፋርማሲ የምትማሩ፣ የተመረቃችሁም ጭምር፣ ጽሑፉን አብረን እናርመው። የእኔ አማርኛ ብቻውን አይበቃም፤ ይህንንም ጽሑፍ እናቴ ናት ያረመችልኝ።

ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደውለው «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ጥንቸል አጥሩ ላይ አየሁ፣ ቆሞ ያየኛል» አሉኝ። ሞቷል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ በሕይወት አለ፣ ሮጠ» አሉ። እንዲህ ያለውን ወሬ አሁን ለእኔ መንገር ጀምረዋል። ለሐኪማቸውም እንዲነግሩ እያለማመድኳቸው ነው።